ለሚሸነፍ ቡድን ትኬት መቁረጥ

የፕሪምየር ሊጉ ውድድር ሀዋሳ ላይ በነበረበት አንድ ሰሞን ከከተማዋ ዳር ካለችው ቱላ ወደ መሐል ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ‹‹ሒሳብ!›› ሲል ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብር አወጡ፤ ከብሩ ጋር ጫፉ የተቀደደ፣ ከመታሸት ብዛት ጨርቅ የመሰለ ትኬት ተከትሎ ወጣና ጭናቸው ላይ ወደቀ። ረዳቱ ዐይቶት ፈገግ አለ።

‹‹ጋሼ፣ ስታዲየም ይገባሉ እንዴ? ባለፈው እንዴት ሆኑ?››

‹‹ተሸነፍን።››

‹‹እና ትኬቱ ምን ይሠራልዎታል?››

‹‹የከፈልኩበት ነዋ!›› አሉና አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ረዳቱ ‹‹እንዴት ሆኑ?›› ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸው ‹‹ተሸነፍን›› ብለው መለሱ። የአገራችን ደጋፊ ሰዋስው ላይ አንድ የታወቀ ተንኮል አለ። ቡድኑ ሲቀናው ‹‹አሸነፍን››፣ ሲከፋበት ‹‹ተሸነፉ›› ይባላል። ድሉ የሁላችን፣ ሽንፈቱ የልጆቹና የአሠልጣኙ። ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ግን ከሽንፈቱ ሾልኮ መውጣት ይቸግረዋል፤ ዐይኑ እያየ፣ ኪሱም እየተነካ የደረሰበት ነገር ነው።

ስለ ሀዋሳ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ወሬ ሲነሳ ዘወትር የምሰማው አንድ መልስ አለ፤ ‹‹ቡድኑ ደከመ፣ ሰውም ቀረ››። እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ አንድ ጥሩ አጥቂ አስፈርሞ ስታዲየሙ እስኪሞላ መጠበቅ። ለእኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። ሰው የሚሸነፍ ቡድኑን ይታገሣል። ሊያየው ሲመጣ ቤቱ የማያገኘውን፣ ትኬቱን ቢቆርጥም ባይቆርጥም ግድ የማይሰጠውን ቡድን ግን ምን ብሎ ይታገሠው?

ታሪኩን ላስታውስ። ሀዋሳ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሁለት ጊዜ አንስቷል፤ በ1996 እና በ1999። ሊጉ በ1990 በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ክለብ ነው። ከእሱ በኋላ ሌላ የክልል ክለብ ይህን እስኪደግመው፣ ማለትም ጅማ አባ ጅፋር በ2010 እስኪያሸንፍ ድረስ፣ ዋንጫው በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በኢትዮጵያ ቡናና በደደቢት እጅ ነበር። ከዚያ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ተከተሉ። ‹‹ሐይቆቹ›› የሚባሉት ሀዋሳዎች ግን እስከ 2017 የውድድር ዘመን መጨረሻ ድረስ ሦስተኛውን አላገኙም። በመሐሉ አሠልጣኝ ተቀያየረ፣ ከወራጅ ቀጠናው አፋፍ ላይ ሆነው ነጥብ የሚቆጥሩባቸው ወራትም መጡ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሀዋሳ በ1996 ዋንጫ ሲያነሳ በዚያው የውድድር ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። በ1999 ሀዋሳ ሲደግም ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ አሸነፈ። የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለክርክሬ የተላከልኝ ይመስላል። አርሰናል ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ የሊግ ዋንጫ ሲጠብቅ ኖረ። ማንቸስተር ዩናይትድም በ2005 ካነሳው ወዲህ የደረሰበትን መከራ ቱላ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ሆኖም ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ብታዩ አግዳሚው ላይ መቀመጫ አይገኝም። በሩ ላይ ልጁ ብር ይቀበላል፤ ዘግይቶ የመጣው በቆርቆሮው ቀዳዳ ያጮልቃል። አርሰናል ዋንጫ ባነሳበት ዓመት ገና ያልተወለደ ጎረምሳ የአርሰናልን ማልያ ለብሶ፣ ራሱን ይዞ፣ ‹‹ዘንድሮም በላን!›› ይላል። በየሳምንቱ ከፍሎ። ለሚሸነፍ ቡድን መክፈል ለቱላ ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ከሱስ የሚቆጠር ልማድ ነው።

ታዲያ ያ ልጅ በሚኒባስ ለሚደረስበት ስታዲየም ለምን አይከፍልም?

መልሱ የሚጀምረው በ2012 ነው። የዚያ ዓመት ውድድር በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ አወዳዳሪው የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ የቴሌቪዥን መብቱንም የዲኤስቲቪ ባለቤት ለ5 ዓመት ገዝቶ ነበር፤ ዋጋው 22.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ በወቅቱ ተነግሯል። ክለቦቹ እየዞሩ መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት ከተጫወቱ በኋላ ወደሚቀጥለው ይሄዱ ጀመር። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። በኋላ አዳማም ገባች። ቫይረሱ ሄደ፣ አሠራሩ ግን ቆየ።

ለዚህ አሠራር የሚሰጠውን ምክንያት አላናንቅም። ካሜራና የስርጭት መኪና በየሳምንቱ ከጎንደር ሶዶ፣ ከሶዶ ድሬዳዋ ማመላለስ ይከብዳል። ብዙው ሜዳ ለቴሌቪዥን ቀርቶ ለእግርም አይመችም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ2010 እና በ2011 የነበረውን ያልረሳ ሰው ይረዳዋል፤ በክለብ ስም ብሔር ከብሔር የሚሰዳደብበት፣ ጨዋታ የሚቋረጥበት፣ ቡድኖች ገለልተኛ ሜዳ የሚፈልጉበት ዘመን ነበር። ሁሉንም በአንድ ከተማ መሰብሰብ ያን እሳት አበረደው። በአንድ በኩል ግን እሳት የበረደው ምድጃው ስለጠፋ ነው።

ምክንያቱም 16 ክለብ ባለበት ሊግ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ቢኖረው ድሮ 15ቱ በከተማው ነበሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ እንደ ገበያ ቀን ከወሩ ጋር የተሰፋ። ሰው ሠርጉንም ለቅሶውንም ከዚያ ጋር ያስማማ ነበር። አሁን ሊጉ እንደ ሲራራ ነጋዴ ይመጣል። በመጣበት ሰሞን በቀን ሁለት ጨዋታ፣ ሥራ ቀን ሳይል፣ ተደራርቦ ይፈስሳል፤ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ለወራት ሣሩን የሚረግጥ የለም። ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወይም ቡናውን ሳይለቅም ጥሎ የሚወጣ ስንት ሰው ነው? ይባስ ብሎ ‹‹ባለሜዳ›› እና ‹‹እንግዳ›› የወረቀት ስም ሆኑ። ሀዋሳ በራሱ ከተማ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት፣ በመርሐ ግብሩ ላይ እንግዳ ተብሎ የሚጫወትበት ቀን አለ። ድሬዳዋ ሄዶ ደግሞ ባለሜዳ ይሆናል፤ የቱላ ሰው ባለሜዳነቱን በስልክ ያነብባል።

ብሔራዊ ቡድናችንም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ማሟላት አቅቷቸው ዋልያዎቹ ‹‹የሜዳቸውን›› ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርጉ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። በዚያ የሚያምር ድል አንዱን ግብ ያገባው ሽመልስ በቀለ የሀዋሳ ልጅ ነው፤ ኳስንም የጀመረው በከተማው ክለብ። ዳዋ ሆቴሳ የመጀመሪያውን፣ ሽመልስ ሁለተኛውን። ግብፅን ያህል ቡድን ረትተን፣ ባለሜዳ ሆነን፣ ስታዲየሙ ውስጥ የጮኸልን ሰው ጥቂት ነበር። ያ ጨዋታ አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ስንት ትኬት በተሸጠ ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ሽመልስን ካነሳሁ አዳነ ግርማንም ማንሳት አለብኝ። እሱም የሀዋሳ ልጅ ነው። ጥር 2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ደቡብ አፍሪካ ላይ በዛምቢያ መረብ ውስጥ ኳሷን የከተተው እሱ ነው። ሁለቱም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደው አገር ሳያውቃቸው በፊት ሀዋሳ ያውቃቸው ነበር። ለደካማ ቡድን ትኬት የሚቆርጥ ሰው ከሚያገኘው ትርፍ ትልቁ ይኸ ይመስለኛል። ሀብታሙ ክለብ ያለቀለትን ተጫዋች ይገዛል፤ ድሃው ክለብ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ ሌላ ሰው ስለሌለው፣ ሜዳ ያስገባዋል። የዚያን ቀን ቡድኑ ተሸንፎ ይሆናል። እዚያ የነበረ ሰው ግን ከዓመታት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጦ ‹‹እኔ እኮ ገና እግሩ ሲፈራ አይቸዋለሁ›› ይላል፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማዋል። ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባው ልጅ ስለ አርሰናል ታዳጊ እንዲህ ብሎ ሊናገር አይችልም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ነገሩ የሚቋጠረው እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ከሰሞኑ ሻምፒዮኖች ሁለቱን ተመልከቱ፤ በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን። ባንክና ኢንሹራንስ። ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ስማቸው ይናገራል። የከተማ ክለቦቹ ደግሞ ከአስተዳደሩ ካዝና ይቀበላሉ፤ የተቀበሉትም በአብዛኛው ለተጫዋች ደመወዝና ፊርማ ይውላል። ነገሩ ከልክ ማለፉን ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ራሳቸው አምነው ነሐሴ 2011 ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ያልተጣራ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ ብዙም ሳይቆይ በጓሮ በር ይታለፍ ጀመር። ያም ሆኖ በየዓመቱ ደመወዛችን አልተከፈለንም ብለው ልምምድ የሚያቆሙ ተጫዋቾች ወሬ አይጠፋም።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የአዛውንቱ ትኬት የት አለች? የለችም ማለት ይቀላል። በጀቱ ከካዝና፣ ትንሽ ከቴሌቪዥን፣ ትንሽ ከስፖንሰር። የስታዲየም በር ገቢ ለሥራ አስኪያጁ ራስ ምታትም ራስ ምታት ማስታገሻም አይሆንም። ባዶ ስታዲየም ክለቡን አያከስረውም፤ ሙሉ ስታዲየምም አያበለጽገውም። ስለዚህ ደጋፊው ቢቀር ደንግጦ ‹‹ምን ሆናችሁ?›› ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጠላ ሻጭ እንኳ ደንበኛዋ ሁለት ቀን ሲቀር ሰው ትልክበታለች።

ሌላም ነገር አለ። የቱላ ሰው ግብር ከፋይ ነው። ቱላ ከሀዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከተማ ይባላል እንጂ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ እንሰትና ቡና ነው። ይህ ገበሬ፣ ይህ ነጋዴ፣ ይህ ባጃጅ ነጂ በከተማው ግብር በኩል ሳይጠየቅ ለክለቡ ይከፍላል። ትኬት ሲቆርጥ ደግሞ ዳግመኛ፣ አሁን በፈቃዱ። ሁለተኛው ክፍያ ከመጀመሪያው በብዙ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ‹‹ተሸነፍን›› የሚለውን ቃል የሚወልደው ይኸኛው ነው። የመጀመሪያውን ማንም አያስታውሰውም።

የክለቡ ስም ራሱ ይህን ታሪክ ይናገራል። ትልልቆቹ ዛሬም ‹‹ሀዋሳ ከነማ›› ነው የሚሉት። ‹‹ከነማ›› ቃል አይደለም፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የሚለው ተጨምቆ የወጣ ነው፤ የከነማ መድኃኒት ቤቶችን የሚያውቅ ሰው ምንጩን አይስተውም። በኋላ ስሙ ‹‹ሀዋሳ ከተማ›› ሆነ። አኅጽሮቱ ጠፍቶ ሙሉ ቃል የመጣ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ከሦስቱ ቃል የቀረው ‹‹ከተማ›› ብቻ ነው። ነዋሪውና ማኅበሩ ወጥተዋል። ስሙን የቀየረው ሰው ይህን አስቦ አይመስለኝም፤ ያላሰበውን እውነት መናገሩ ነው የሚገርመኝ።

ለሚሸነፍ ቡድን ትኬት መግዛትን እንደ ባህል ያሳደገ አገር ቢኖር አሜሪካ ነው፤ ያውም በቤዝቦል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ ሽንፈት ከዝናብ የማይለይ የዘወትር ነገር ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳንበት በ1954 ኒውዮርክ ውስጥ ሜትስ የሚባል ቡድን ተመሥርቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 120 ጨዋታ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከፍሎ ገባለት። እንደ ቤተሰብ ሞኝ ወደዱት።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኦክላንዱ አትሌቲክስ ነው። ባለቤቱ ቡድኑን ወደ ላስ ቬጋስ ሊወስድ ተነሣ፤ ‹‹ደጋፊ የለም፣ ስታዲየሙ ባዶ ነው›› የሚል ምክንያትም ነበረው። እውነት ነው፤ በ2015 ቡድኑ 112 ጨዋታ የተሸነፈ፣ በአማካይ አሥር ሺህ ገደማ ሰው ብቻ የሚመጣለት ነበር። ደጋፊዎቹ ተጠራርተው ሰኔ 6 ቀን 2015፣ ተራ ማክሰኞ ምሽት ላይ፣ 27,759 ሆነው ገቡ፤ ‹‹ሽጠው!›› የሚል ቃል የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ባለቤቱን ጮኹበት። በሌላ አገር ሰው ሲቆጣ ስታዲየም ይቀራል። እነሱ ተቆጥተው ትኬት ገዙ። ቡድኑም በዚያ ምሽት 2 ለ 1 አሸነፈ። አልተረፈላቸውም፤ መስከረም 16 ቀን 2017፣ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት፣ 46,889 ሰው በተገኘበት የመጨረሻውን ጨዋታ አድርጎ ሄደ።

ሀዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ቁጣ ለማን ይሰማል? ኦክላንዶች ‹‹ሽጠው!›› የሚሉት ባለቤት ነበራቸው። እዚህ ባለቤቱ ከተማው ነው፤ ከተማው ደግሞ አንተው ነህ። ክለቡ በየዓመቱ ለወራት ሲሄድ ማንም ወሰደው አይባልም፤ መርሐ ግብር ነው። ለመርሐ ግብር አይጮኽም።

ሌላው ነገር፣ ቱላ ውስጥ ትኬት መቁረጥ የአንድ ክለብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሲዳማ ቡና አለ። መነሻው ይርጋለም የሆነው ይህ ክለብ ሀዋሳን ቤቱ ካደረገ ቆይቷል፤ ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ ደግሞ ስሙ ከማልያ በላይ ይከብዳል። ለቱላ ልጅ አንዱ ክለብ የሚኖርበትን ከተማ፣ ሌላው የተወለደበትን ሕዝብ ይጠራለታል። አንድ ቤት ውስጥ አባት ለሐይቆቹ፣ ልጅ ለሲዳማ ቡና ሲሟገቱ ሰምቻለሁ፤ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይወርድ አያቆሙም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቀን ስታዲየሙ ከሌላው ቀን ይለያል፤ ሁለቱም በሰንጠረዡ ታች ቢሆኑ እንኳ። ይህም ቢሆን ለክርክሬ ይመቸኛል። ሰውን ስታዲየም የሚጠራው ደረጃ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ማንም አይመጣም ነበር። የሚጠራው ነገ ሥራ ቦታ የሚያገኘው፣ ታክሲ ውስጥ የሚያላግጥበት ሰው መኖሩ ነው። ኢትዮጵያ ቡና ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ከበሮውን ጭኖ የሚመጣው ቲፎዞ ለ2003ቱ የሊግ ዋንጫ ብሎ አይደለም ያን ያህል መንገድ የሚመጣው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው ብዙ የምመልሰው የለኝም። የሊጉ ሰዎች ሜዳው የሚፈቅድላቸው ከተሞች ቢያንስ የዓመቱን ግማሽ በቤታቸው እንዲጫወቱ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፤ ካሜራው ሁሉንም ባይከተል ጉዳት የለውም። ክለቡም በበር የገባውን ሰውና ብር በየጨዋታው ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ። ትንሽ ይሆናል፤ ያሳፍር ይሆናል። ግን ሰው የእሱ ትኬት የተቆጠረች መሆኗን ያያል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በር ላይ ብር ከፍዬ ትኬት ሳይሰጠኝ ‹‹ግባ ግባ፣ ጀምሯል›› ተብዬ ተገፍቼ ገብቻለሁ። ብሩ የት እንደገባ አላሳሰበኝም፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የቆጨኝ ከኪሴ የሚወጣ ወረቀት አለመኖሩ ነበር።

ከሚኒባሱ ወርደን ከአዛውንቱ ጋር ወደ ስታዲየሙ አብረን ሄድን። በሩ አጠገብ ለውዝ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ልጆች፣ ሁለት ሦስት ፖሊሶች፣ ረጅም ያልሆነ ሰልፍ። ውስጥ ሌሎች ሁለት ቡድኖች ገና አልጨረሱም፤ ጭብጨባ አይሰማም፤ የአሠልጣኝ ጩኸት ግን ውጭ ድረስ ይሰማል። አዛውንቱ ትኬታቸውን ቆረጡና ሰልፉ ሲደርሳቸው ለፈታሹ ልጅ በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

‹‹በዳር በኩል ቅደደው፣ የኔ ልጅ›› አሉት። ‹‹ቀኑን እንዳትነካብኝ።››

ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና ወረቀቱን አዙሮ፣ ቀኑ የሌለበትን ጥግ ፈልጎ ቀደደው።